የፍልስፍና መምህር የሕይወት ታሪክ ለቀብር ሲጻፍ

የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአንድ ሌሊት ነው። ሰው ማታ ያርፋል፣ የዕድሩ ጥሩምባ ሊነጋ ሲል ይነፋል፣ ቀብሩ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይሆናል። በመሐሉ አንድ ሰው ጥግ ይጠራና ወረቀትና እስክርቢቶ ይሰጠዋል። በእኛ ሰፈር፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የምጠራው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። የነጋዴውን፣ የወታደሩን፣ ቤታቸውን ሲያቀኑ ኖረው ያለፉ እናቶችንም ታሪክ ጽፌያለሁ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ግን በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ስድስት ኪሎ ፍልስፍና ያስተምሩ የነበሩ፣ ለቤተሰባቸው የኖሩ፣ ከቅዳሴ የማይቀሩ ጎረቤታችን ሲያርፉ ታሪካቸውን እኔ ጻፍኩ። ቤተሰቡ ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈለገ እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውንም እትዬ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የሚመጣው ረቂቅ ሁልጊዜ ሦስት አንቀጽ ነው። በአንደኛው ዲግሪ ይደረደራል። በሁለተኛው «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ» ይባላል። በሦስተኛው «በሃይማኖታቸው ጽኑ» ተብሎ ይዘጋል። ስሙን ቀይራችሁ ለሌላ ሰው ብታነቡት ማንም አይነቃባችሁም። ጋሼ ግን ክፍል ውስጥ አንድ፣ ማዕድ ላይ ሌላ፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሦስተኛ ሰው አልነበሩም። ጸሐፊው ሌሊቱን ሙሉ መፈለግ ያለበት ሦስቱ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። እሱን ካገኛችሁ ዲግሪው በአንድ መስመር ያልቃል፤ ካላገኛችሁት ደግሞ አሥር ዲግሪም አይሞላውም።

ከወረቀት ጀምሩ

ለቅሶ ቤት ውስጥ ወሬ የሚያውቅ ሞልቷል፤ ቀን በትክክል የሚያውቅ ግን የለም። ስለዚህ ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የጡረታ ደብተር፣ የጋብቻ ወረቀትና ፓስፖርት አስወጡ። ይህን የምትጠይቁት ሐዘንተኛይቱን ሳይሆን የቤቱን ሳጥን የሚያውቅ ልጅ ወይም እኅት ነው። የተቀበላችሁትን እያንዳንዱን ወረቀት መዝግቡ።

በ1930ዎቹ ገጠር የተወለደ ሰው የልደት ካርድ የለውም። ያለው የእናቱ ቃል ነው፤ «ጣልያን በወጣ በአራተኛው ዓመት፣ ለኅዳር ሚካኤል» የሚል። ይህ ቃል ፓስፖርት ላይ ካለው ቀን ይልቅ የታመነ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ቤት ለመግባት ሲባል ዕድሜው የተጨመረበት ወይም የተቀነሰለት ብዙ ሰው አለና። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው፤ አራት ስትጨምሩበት 1937 ይሆናል። ወረቀቱና ቃሉ ከተጋጩ ታላቅ እኅት ወይም ወንድም ጠይቁ። እነሱም ከሌሉ «በ1937 ዓ.ም. ገደማ» በሉ፤ «ገደማ» ማለት ምንም ነውር የለውም።

ውጭ አገር የተማረ ሰው ከሆነ የዲግሪው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሁሉንም በደፈናው 8 እየቀነሱ የሚጽፉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ለመፈተሽ እኔ የምጠቀምበት አብዮቱን ነው፤ አብዮቱ የፈነዳበት የካቲት 1966 እና ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 ለፈረንጆቹ ሁለቱም 1974 ናቸው። ወሩ ካልታወቀ አትገምቱ፤ እንዳለ ጽፋችሁ «እ.ኤ.አ.» ጨምሩበት።

የትውልድ ቦታውን በተወለዱበት ዘመን ስሙ ጻፉ። ጋሼ የተወለዱት ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ነው። በኋላ ክፍለ ሀገር ተባለ፣ ከዚያም ክልል መጣ። «በቀድሞው ጎጃም ጠቅላይ ግዛት» ብላችሁ አውራጃውን፣ ቀጥሎም የተጠመቁበትን ደብር ብትጨምሩ ከአገር ቤት የመጣ ሽማግሌ ወዲያው ያውቀዋል።

ማዕረግም እንደዚሁ ነው። ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር የተለያዩ ናቸው። የሰፈር ሰው ሁሉንም «ፕሮፌሰር» ብሎ ይጠራል፤ በጽሑፍ ግን የተሰጣቸውን ማዕረግ ብቻ አስፍሩ። ዕድሜውን በሙሉ ለእውነት ሲጠነቀቅ የኖረን ሰው ያልተሰጠውን ማዕረግ ደርቦ መሸኘት አክብሮት አይመስለኝም።

ማንን ምን እንደምትጠይቁ

«እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ «በጣም ደግ ሰው» ነው። እውነት ነው፤ ለጸሐፊ ግን አይጠቅምም። ጥያቄያችሁ ሰዓትና ቦታ ይኑረው። ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምን ነበር? መጽሐፍ ሲያነቡ የት ይቀመጣሉ? ምን ሲያዩ ይቆጣሉ? ልጅ ሲያጠፋ ምን ይላሉ? በሑዳዴ ማታ ማዕድ ላይ ምን ይቀርባል፣ ማን ይባርካል? እኔ እነዚህን ስጠይቅ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ድንገት አስታዋሽ ይሆናል።

ሁለተኛ ልጃቸው ይህን ነገረችኝ። ማዕድ ላይ ማንም ልጅ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ሲናገር ጋሼ «ምክንያቱን ጨምሪበት» ይሉ ነበር። ምክንያት ከሌለ ወሬው ይቆያል፤ ምክንያቱ ደካማ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። አንድ ቀን፣ ገና ልጅ ሳለች፣ «እግዚአብሔር ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ ለምን በጸሎት እንነግረዋለን?» አለቻቸው። አያቷ ተቆጡ። ጋሼ ግን «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ያሰብሽውን ነገ ይዘሽ ነይ፣ እኔም አስቤ እመጣለሁ» አሏት። በማግስቱም ሁለቱ ተቀምጠው ተወያዩ። ፍልስፍናውም፣ አባትነቱም፣ ጸሎቱም እዚያች ማዕድ ላይ አሉ። ከጻፍኩት ሁሉ ትልቁን ቦታ የሰጠሁት ለዚህች ነገር ነው።

የቀድሞ ተማሪዎችን ለብቻቸው ያዙ። እዝን ይዘው ሲመጡ ድንኳኑ ውስጥ ዝም ይላሉ፣ ወደ በር ስትሸኟቸው ነው የሚናገሩት። አንዱ፣ አሁን ራሱ መምህር የሆነ፣ በፈተና ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈለትን ነገረኝ፤ «ይህን ለእናትህ አስረዳትና ከገባት መልሰህ አምጣው» የሚል ነበር። እናቱ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ። ልጁ አስረዳቸው፤ ሳይገባቸው ሲቀር ችግሩ ያለው የራሱ ሐሳብ ላይ መሆኑን አየና ጽሑፉን እንደ ገና ጻፈው።

የንስሐ አባታቸውን ጠይቁ፤ ስለ ንስሐቸው ግን በጭራሽ አትጠይቁ። የሚጠየቀው የክርስትና ስማቸው፣ በደብሩ ያገለገሉበት ዘመን፣ የጽዋ ማኅበራቸው ነው። የማኅበራቸው ሰዎች ደግሞ የነገሩኝ ጋሼ ተራቸው ሲደርስ ወንበር የሚያወጡት፣ እጅ የሚያስታጥቡት ራሳቸው እንደ ነበሩና ልጆቹን «ዛሬ እኔ ነኝ የማሳልፈው» ብለው ያስቀምጧቸው እንደ ነበር ነው።

እትዬን የጠየቅኳቸው በመጨረሻ፣ ሊነጋ ሲል ነው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። «ሰው ሁሉ እንዲያውቀው የሚፈልጉት ነገር አለ?» አልኳቸው። እናንተም ለባለቤት ከዚህ በላይ ጥያቄ አታብዙ።

ፍልስፍናው በቤተ ክርስቲያን ግቢ

በጣም የሚከብደው ይህ ክፍል ነው። ታሪኩ የሚነበበው ከፍትሐቱ በኋላ፣ ካህናቱ ባሉበት ነው። ከአድማጮቹ መካከል ፍልስፍና ማለት ክህደት የሚመስለው አለ። በሌላ በኩል የቆሙት የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ደግሞ የሰው እምነት በምሁርነቱ ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ጸሐፊው ሁለቱንም ወገን ለማስደሰት ሲል አንዱን እንዲሸሽግ ይፈተናል። ወይ «ታዋቂ ምሁር» ብሎ ያልፋል፣ ወይ ደግሞ «ፍልስፍናን በእምነታቸው ድል የነሡ» ብሎ ያልነበሩትን ሰባኪ ያደርጋቸዋል። ሁለቱም ሐሰት ነው፤ ታቦት ባለበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ሐሰት አይነበብም።

መውጫው የሠሩትን በሠሩበት መልኩ መናገር ነው። ጋሼ ክፍል ውስጥ እምነትን የሚቃወመውን መከራከሪያ ሲያስተምሩ አዳክመው አያቀርቡም ነበር። ባለቤቱ ራሱ ቢሰማው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አጠንክረው ነበር የሚያቀርቡት። አንዲት ተማሪያቸው ዓመቱን ሙሉ ስትማር መምህሯ አማኝ ይሁኑ አይሁኑ ሳታውቅ ቆይታ፣ በጥምቀት ነጠላ አጣፍተው ታቦት ሲከተሉ አይታቸው መንገድ ላይ ቆማ መቅረቷን ነገረችኝ። ይህንኑ እንዳለ ጻፍኩት። ካህናቱም ባልደረቦቹም ሰሙት፤ ቅር ያለው አልነበረም።

በየዓመቱ የሚያስተምሩት የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ነበር። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ሸሽቶ፣ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ዋሻ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የጻፈው ተብሎ የደረሰን መጽሐፍ ነው። በእግዚአብሔር መኖር ያምናል፣ ይጸልያል፤ ጾምንና ምንኩስናን ግን በድፍረት ይጠይቃል። ጋሼ ደግሞ ይህን በሑዳዴ መካከል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ ያስተምሩ ነበር። «ታዲያ እርስዎ ለምን ይጾማሉ?» ያላቸው ተማሪ ነበር። «እሱ ጥያቄውን ጠየቀ፤ እኔ በየዓመቱ እመልስለታለሁ» አሉት። ይህን ለማንበብ የቤተሰቡን ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ለንስሐ አባታቸውም አስቀድሜ አሳየሁ። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ ቀድማችሁ አሳዩ፤ ካህን በድንገት እንዲሰማው አታድርጉ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የሐተታው ደራሲ ማንነት አከራካሪ ነው። ኢጣልያዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ የዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን የካፑቺኑ ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ብሎ ጻፈ። በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥተው ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊው ነው ብለው በብዙ ጥናት ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አልቆመም። የእናንተ መምህር በዚህ ላይ ጽፎ ከሆነ የጽሑፉን ርእስና ዓመት እንደ ታተመ አስቀምጡ። ካልጻፈ «የሐተታን እውነተኛነት ያረጋገጡ» ብላችሁ አትሸልሙት። ጋሼ የሰምነር ተማሪ ነበሩ፤ «ካህንም ፈላስፋም መሆን እንደሚቻል በዓይኔ ያየሁት በእሳቸው ነው» ይሉ እንደ ነበር ባልደረቦቻቸው ነግረውኛል። እኔም የጻፍኩት ይህን ያህል ነው።

የአብነት ትምህርቱን እንደ መግቢያ ብቻ አታሳልፉት። ጋሼ ዳዊት ደግመው፣ ዋሸራ ወርደው ቅኔ ከቆጠሩ በኋላ ነው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት። «አንድን ቃል ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳያገኙ አለመተኛትን የተማርኩት እዚያ ነው» ይሉ ነበር። እዚህ ላይም ልክ ይኑራችሁ፤ ቅኔ ቆጠረ ማለትና አስመሰከረ ማለት አንድ አይደለም። መሪጌታው እዚያው ቆመው ይሰማሉ።

ከ1967 እስከ 1983 ያሉትን ዓመታት ብዙ ጸሐፊ ይዘላል። አትዝለሏቸው። የእድገት በኅብረት ዘመቻ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ተማሪውንም መምህሩንም ገጠር አወጣ። ከዚያ ሲመለሱ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የሁሉ ትምህርት ሆነ። ያስተማሩት እሱን ከሆነ አስተማሩ በሉ። ቤተ ክርስቲያን መሳም በጥርጣሬ በሚታይበት ጊዜ ይሄዱ ከነበረ ደግሞ ይሄዱ ነበር በሉ። ጀግና ለማድረግ ቃል አትጨምሩ፣ ለማሳነስም አትቀንሱ።

ቤተሰቡን አንድ መስመር አታድርጉት

መጀመሪያ የቀረበልኝ ረቂቅ «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ» ይላል። የተነበበው ግን ይህ ነው፦

«ከባለቤታቸው ጋር በ1965 ዓ.ም. በሰማንያ ተጋብተው፣ በኋላም በቅዱስ ቁርባን ጋብቻቸውን አጽንተዋል። ለዶክትሬት ትምህርታቸው ቤልጅየም፣ ሉቨን በቆዩባቸው ዓመታት ባለቤታቸው በነርስነት እየሠሩ፣ ሌሊት ተረኛ እየሆኑ፣ ሦስት ሕፃናት ልጆቻቸውን ለብቻቸው አሳድገዋል። እርሳቸውም የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ለባለቤታቸው አበርክተዋል።»

የባል ትምህርት በማን ጉልበት እንደ ተጠናቀቀ ሳይነገር የሚያልፍ የምሁር ታሪክ ጎደሎ ነው። ይህን የምለው ሴት ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ጋሼ ራሳቸው ዘርዐ ያዕቆብ ኂሩትን ሲያገባ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ያለበትን ቦታ ሳያነቡ ዓመቱን አይዘጉም ነበርና ነው። ከቤታቸው ሲገቡም ያንኑ ያደርጉ ነበር። እትዬ የሌሊት ተረኛ በሆኑ ቀን ልጆቹን አጥበው፣ ሽሮ ሠርተው የሚያበሉት እሳቸው ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የእትዬ ዓይን ሲደክም ደግሞ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ዳዊት፣ ከዚያም ጋዜጣ ያነቡላቸው ነበር። ሊነጋ ሲል ለጠየቅኳቸው ጥያቄ እትዬ የሰጡኝ መልስም ይኸው ነበር፤ «አንብቦልኛል በይልኝ።»

የጋብቻውን ዓይነት አጣርታችሁ ጻፉ። ሰማንያ፣ ቁርባንና ተክሊል በቤተ ክርስቲያን ሰው ጆሮ በጣም የተለያዩ ናቸው። የልጆችን ስም በልደት ቅደም ተከተል፣ የሞተ ልጅ ካለም እናቲቱን አስፈቅዳችሁ ጥቀሱ። በቤቱ ያደገ የዘመድ ልጅ ካለ አትርሱት፤ ጋሼ ከአገር ቤት አምጥተው ያስተማሯቸው ነበሩ፣ ስማቸው ሲጠራ ከልጆቹ እኩል ነው ያለቀሱት።

ሕመሙን አታስረዝሙ። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይበቃል፤ የሆስፒታልም የሐኪምም ስም አያስፈልግም።

ሲነበብ

አድማጩ ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ሜጋፎኑ ይንኮሻኮሻል፣ ካህናቱ ይጠብቃሉ። ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ከመታተሙ በፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ያጠራችሁበት ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጡት። በእጅ ከተጻፈ በትልልቅ ፊደል፣ በወረቀቱ አንድ ጎን ብቻ ይሁን። የውጭ ስሞችን አንባቢው በቀላሉ እንዲያነባቸው በእኛ ፊደል ጻፉ፣ ሉቨንን ወይም ሰምነርን እዚያው ቆሞ እንዳይፈታ። ለአንባቢነት ልጅ አትምረጡ፤ ልጁ ራሱ ካልለመነ በቀር። የዕድሩ ሰብሳቢ ወይም ባልደረባ ያንብበው። ሁለተኛ ቅጂ የሚይዝ ሰው አጠገቡ ይቁም፣ ድምፁ ከተቋረጠ የሚቀጥል።

የክርስትና ስሙን ለብቻው በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ከፍትሐቱ በፊት ለካህናቱ ስጡ። ታሪኩ ውስጥ መኖሩ ለፍትሐቱ አይደርስም።

ለአርባው

ለቀብር ያልበቃው ሁሉ ለአርባ ቀን መታሰቢያ በሚዘጋጀው መጽሔት ቦታ ያገኛል። የሌሊቱን ማስታወሻ አትጣሉ። በእነዚህ ሳምንታት የተማሪዎቹን ቃል በራሳቸው እጅ አስጽፉ፣ የታተሙ ጽሑፎቻቸውን ዝርዝር ከትምህርት ክፍሉ ጠይቁ፣ ፎቶዎቹን ከጀርባቸው ማን የት እንደ ሆነ በእርሳስ እየጻፋችሁ ለዩ። የጋሼ ሁለት ልጆች የሚኖሩት ቨርጂኒያ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አያነቡም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አንድ ቅጂ ተዘጋጀ፤ ቀኖቹም በሁለቱም አቆጣጠር ተጻፉ። ከመጽሔቱ አንዱን ለደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ አንዱን ለፍልስፍና ትምህርት ክፍሉ ሰጠን።

የማስተማሪያ ማስታወሻዎቻቸውን ቤተሰቡ ቤት ሲያጸዳ እንዳይጥላቸው ከአሁኑ ተናገሩ፤ በእርሳስ የተጻፈ ጠርዝ ያለው መጽሐፍ ካለም ለብቻው ይቀመጥ። ከሳጥኑ ያወጣችኋቸውን ማስረጃዎች ደግሞ ባወጣችሁበት ዝርዝር መሠረት ቆጥራችሁ ለእትዬ ወይም ለወከሉት ልጅ አስረክቡ፤ ለውርስ ማጣሪያና ለጡረታ ጉዳይ በቅርቡ ይፈለጋሉ።